ላልመጣው ልጅ የሚቋጠር

ልጄ ከክፍል ጓደኛዋ ልደት የተመለሰችው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎን ገብታ፣ ስትወጣ በር ላይ የተሰጣትን አብረቅራቂ ከረጢት ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። ፊሽካ፣ የፕላስቲክ ቀለበት፣ ሲነኩት የሚበራ ዱላ፣ ሁለት ያልተነፋ ፊኛ፣ አምስት ስድስት ከረሜላ፣ አውራ ጣት የምታህል መኪና። መኪናዋ አንድ ጎማዋ ታክሲ ውስጥ ወልቋል። «ይኸው፣ አልጣልኩትም» ብላ ጎማውንም ከዕቃዎቹ ጋር ደረደረችው። እኔ እራት ላሞቅ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ የ14 ወሩ ታናሽ ወንድሟ ምንጣፉ ጥግ ቁጭ ብሎ ዝም ብሏል። የእኛ ልጅ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። አገጩን ይዤ አፉን ስከፍተው ጎማዋ ምላሱ ላይ ተቀምጣለች። በግልጽ ስለምትታየኝ በሁለት ጣቴ ለቅሜ አወጣኋት።

ልጁ ምንም አልሆነም። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደጋሿን እናት አውቃታለሁ፤ ሥራ ውላ፣ አምሽታ ለሃያ ልጅ ከረጢት የሞላች ደግ ሴት ናት። የገዛችው ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር ነው። እኛ ቤት የሚድህ ልጅ መኖሩን ከረጢቱን ስትሞላ ያስታወሳት ሰው አልነበረም። ይህን ስል እኔ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። ካቻምና በልጄ ልደት እኔም ያንኑ ዓይነት ከረጢት በር ላይ ቆሜ አድያለሁ፤ የማን ቤት፣ የትኛው ሕፃን አፍ ውስጥ እንደሚገባ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። አሁን ደግሞ ስድስተኛ ዓመቷ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የተጠሩት ልጆች 16 ናቸው።

በማግስቱ ለእናቴ ነገርኳት። ጎማዋን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻትና፣ «ድሮስ ቋጠሮ የሚቋጠረው ላልመጣው ልጅ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያሰብኩት ሁሉ ከዚች ጥያቄ የመጣ ነው። ክርስትና፣ ማኅበር ወይም ሰርግ የሄደች እናት ባዶ እጇን አትመለስም ነበር። ከድፎው አንድ ቁራሽ፣ ከቆሎው እፍኝ፣ ከንፍሮው ጭብጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። በር ላይ የምንጠብቃት ልጆች መጀመሪያ የምናየው ፊቷን ሳይሆን የነጠላዋን ጫፍ ነበር። ቋጠሮው ሲፈታ ቤት ውስጥ ለተገኘ ልጅ ሁሉ ይደርሰዋል፤ የጎረቤት ልጅም ቢሆን አይዘለልም። ድግሱ ላይ የነበረው ሰው እዚያው በልቶ ጠግቧል። ቋጠሮው ደጋሹ ስሙን ለማያውቀው፣ ቤት ለቀረው ሰው የሚላክ ድርሻ ነው። የቡሄ ሙልሙልም የዚሁ ዘመድ ነው። ነሐሴ 13 ሆያ ሆዬ እያሉ ደጅ ለደጅ የዞሩ ልጆች ዳቦውን ለቡድናቸው ተቀብለው፣ ማታ ቁጭ ብለው ይካፈሉታል።

የልደት በዓል ራሱ ለብዙዎቻችን ቤት አዲስ እንግዳ ነው። እናቴ የተወለደችበትን ቀን አታውቀውም፤ የምታውቀው ክረምት ሊወጣ ሲል እንደሆነ ብቻ ነው። በእሷ ዘመን ለልጅ የሚደገሰው ክርስትና ነበር፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ኬኩ፣ ሻማው፣ ፊኛውና ኮፍያው በኋላ ከከተማ ኑሮ ጋር መጡ። በር ላይ የሚታደለው ከረጢት ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ የመጣ ስለሆነ የረጋ ስም እንኳ አላገኘም። አንዱ «የልደት ስጦታ» ይለዋል፣ ሌላው ባሕር ማዶ እንደሰማው «ጉዲ ባግ»። ብዙ ጊዜ የልጁ ስም ተጽፎበት፣ ለመጣው ልጅ ብቻ ተቆጥሮ ይሰጣል። ቤት ለቀረው ታናሽ የሚደርሰው የተሰበረውና የተነቀለው ነው። እኛ ቤት የደረሰው ጎማ ነበር።

ስለዚህ የዘንድሮውን ስመርጥ የልጄን ጓደኞች ብቻ ሳይሆን የሚመለሱበትን ቤት ላስብ ወሰንኩ። የተጋባዦቹን ስም ጽፌ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ቤቱ ያለውን ትንሽ ልጅ ዕድሜ በስልክ ጠይቄ ሞላሁ። ከ16ቱ ቤቶች በሰባቱ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለ።

መርካቶ የሄድኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የልደት ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ከጣሪያ እስከ ወለል በደርዘን በታሸጉ ነገሮች የተሞሉ ናቸው። የገባሁበት ሱቅ ነጋዴ ወጣት ነው።

«እናት፣ ስንት ልጅ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ሁለት ደርዘን ውሰጂ፤ ይተርፍሻል እንጂ አያንስሽም። ይሄ የሚበራ ቀለበት ነው፣ ልጆች ያብዱለታል።»

እኔ ከቦርሳዬ ያለቀ ሶፍት የተጠቀለለበትን የካርቶን ቱቦ አወጣሁ። ነጋዴው መጀመሪያ አልገባውም። ቀለበቱን ቱቦው ውስጥ ጣልኩት፣ በታች በኩል ወጣ። ፊሽካውን ጣልኩት፣ ወጣ። ትንሿ መኪና፣ ብዩ፣ ላጲሱ፣ ሁሉም ወጡ። «ይሄ ሁሉ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ቱቦውን ከእጄ ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ያለውን በየተራ ራሱ ይሞክር ጀመር። «እኔም ቤት የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ» አለ። የትናንቱን ገበያ እያስታወሰ እንደሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ይህ ፍተሻ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ ትንንሽ ክፍሎችን በሕግ ከልክላለች። «ትንሽ» የሚለው ቃል አከራካሪ እንዳይሆንም መለኪያ አበጅታለች። መለኪያው የአፍ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መሠረቱ ሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቱ በአንድ ወገን 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቱቦ ነው፤ የሕፃን አፍና ጉሮሮ እንዲመስል ታስቦ ተሠርቷል። ዕቃው፣ ወይም ሲሰበር የሚወጣው ቁራጭ፣ ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ ቱቦው ውስጥ ከገባ ፍተሻውን አያልፍም። ለኳስ መለኪያው ይጠብቃል፦ ከ44.4 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ኳስ ለዚህ ዕድሜ አይፈቀድም፤ ክብ ነገር ጉሮሮን እንደ ክዳን ይገጥመዋልና። የሶፍቱ ቱቦ ስፋት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከሕጉ መለኪያ ትንሽ ይበልጣል፤ በሱ ውስጥ ያላለፈ ነገር ለቤት ውስጥ ፍተሻ ጥሩ ዋስትና ነው። ለኳስ ግን አይበቃም፤ ኳስ በማስመሪያ ይለካ።

ማሸጊያው ላይም የሚነበብ ነገር አለ። በቀይ ክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና 0–3 የሚል ቁጥር ተሥሎ በሰያፍ መስመር ከተሰረዘ፣ ዕቃው ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ብዙ ወላጅ ይህን አይቶ «የእኔ ተጋባዦች ስድስት ዓመታቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔም እንደዚያ አልፌ ነበር። ምልክቱ ግን ስለ ተጋባዡ ብቻ አይናገርም፤ ዕቃው ስለሚያድርበት ቤትም ይናገራል።

ሁለት ነገሮችን ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ በየልደቱ ስለማያቸው። አንደኛው ፊኛ ነው። ሲነፋ የሚያምር፣ ሲፈነዳ ግን ቁራጩ ስስና እርጥብ ሆኖ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ላስቲክ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የፊኛ ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዛል፦ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባልተነፋ ወይም በፈነዳ ፊኛ ሊታነቅ ይችላል። ስምንት ዓመት ነው የሚለው፤ የልደቱ ባለቤት ራሷ እንኳ አትደርስበትም። እኔ ቤት ፊኛ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ግብዣው ሲያልቅ ትልቅ ሰው ያወርደዋል፣ ቁርጥራጩንም ይለቅማል። ከረጢት ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው የሚበራውና የሚዘምረው ዕቃ ነው። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የምትመስል ክብ ባትሪ አለች። ሕፃን ውጧት ምግብ መውረጃው ላይ ከተቀረቀረች ከእርጥበቱ ጋር በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሥጋውን ማቃጠል ትጀምራለች፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ደግሞ መጀመሪያ ላይ ልጁ ላያለቅስ፣ ጉንፋን የያዘው ብቻ ሊመስል ይችላል። ባትሪ እንደዋጠ የተጠረጠረ ልጅ «ነገ በሰገራ ይወጣል» ተብሎ አያድርም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰዳል። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ፣ ያን ዕቃ ለማንም ልጅ አልሰጥም።

የሚበላውም ነገር ይጠየቃል። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝና ጠንካራ ከረሜላ ከእንግዳ አቀባበላችን የማይለዩ ናቸው። የሕፃናት ሐኪሞች ግን ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈንዲሻን፣ ያልተፈጨ ለውዝንና ጠንካራ ከረሜላን አይመክሩም። ቡናው ላይ ፈንዲሻው ይቅር አላልኩም፤ ትልልቆቹ ይብሉት። ልጅ ብቻዋን ይዛው ወደምትሄደው ከረጢት ግን አላስገባውም።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የልጄ ልደት ኅዳር 27 ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቷል፣ እስከ ገና ዋዜማም ይዘልቃል። ልጆቹ ባይጾሙም ወተት ያለበት ቸኮሌት ጾም ወደያዘ ቤት መላክ እናትየዋን «አሁን አትብላ፣ ይቆይልህ» የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ መክተት ነው። ከተጋባዦቹ አራቱ ሙስሊሞች ናቸው። ያ እንደ ጎማ የሚለጠጠው ባለቀለም ከረሜላ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው በጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። ማሸጊያው በማናውቀው ቋንቋ ተጽፎ ከሆነ ከምን እንደተሠራ አናውቅም። ያላወቁትን ነገር ለሰው ልጅ ማጉረስ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በስልክ ሳጫውታት የእነሱ ጭንቀት ሌላ መሆኑን ነገረችኝ። የልጇ ትምህርት ቤት የሚበላ ነገር ጭራሽ አታስገቡ ብሏል፤ ምክንያቱም አለርጂ ነው። በዚያ አገር ሕግ ማሸጊያ ላይ ተለይተው መጻፍ ያለባቸው ዋና ዋና የአለርጂ መንስኤዎች ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠነኛው ሰሊጥ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ነው የተጨመረው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ለክፍል ልጆች ቆሎ ከለውዝ ጋር ቋጥረው ሊልኩ ሲያስቡ መምህሯን አስቀድመው ይጠይቁ። አገር ቤትም ለውዝ የማይስማማው ልጅ አለ፤ ልዩነቱ እኛ የመጠየቅ ልማድ አለማዳበራችን ነው።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። እኛ ዘንድ ስጦታ ብድር ነው። የበላሁትን አበላለሁ፣ የተሰጠኝን እመልሳለሁ የሚል ሰው የስጦታውን መጠን በልቡ ይይዛል። አንዷ እናት ለልጆቹ ሁሉ ቦርሳ አደለች እንበል። ቀጣዩ ልደት ያለባት እናት ከዚያ ማነስ ይከብዳታል፤ ሦስተኛዋ ትበደራለች፤ አራተኛዋ ልጇን «አሞታል» ብላ ታስቀረዋለች። አልገመትኩም። የልጄ ጓደኛ እናት ባለፈው ዓመት ልጇን ያልላከችው የሚመጥን ስጦታ መግዛት ስላልቻለች እንደነበር ዘንድሮ ነገረችኝ። ሰምቼ አፈርኩ። ስለዚህ ዘንድሮ ስደውል «ስጦታ ይዘው እንዳይመጡ፣ ልጆቹ ብቻ ይምጡልኝ» አልኩ። የማድለውም ነገር ማንም ቤት ገብቶ ዕዳ እንዳይሆን ፈለግኩ።

ከመርካቶ ከነጋዴው ሱቅ ምንም ሳልገዛ ወጣሁ፤ እሱም አልተቀየመኝም። ካልሲ ወደሚሸጥበት ሄድኩ። ወፍራም፣ ባለብዙ ቀለም የልጆች ካልሲ 16 ጥንድ ገዛሁ። ከጨርቅ ሻጮች ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል አቡጀዲ። ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 25 በ50 እየተቆረጠ 18 ትንንሽ ከረጢት ይወጣዋል፤ ሁለቱ ትርፍ ናቸው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከረጢቶቹን ሰፋልኝ፤ ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅም አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በነጻ ሰጠኝ። የአንዱ ቋጠሮ ወጪ የገባሁበት የመጀመሪያው ሱቅ ከጠየቀኝ ግማሹን አልሞላም።

ከረጢቱ ጨርቅ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። ስስ ፌስታልን የሚመለከት ሕግ በአገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን ይከለክል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ያ አብረቅራቂ የልደት ከረጢት የሚያገለግለው ከበር እስከ ሳሎን ነው፤ ከዚያ ቦይ ውስጥ ይገኛል። አቡጀዲ ግን ይታጠባል፤ ደብተር፣ ምሳ ዕቃ፣ ሽንኩርት ይይዛል።

ቀኑ ደረሰ። ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ልጆቹን ምንጣፉ ላይ በክብ አስቀመጥናቸው፤ እናቴ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥንድ ካልሲና የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ተሰጠው። አሠራሩ እኔ ራሴ በልጅነቴ የማውቀው ነው፦ ጨርቁን ጨምቀህ እንደ ሎሚ ታከብበዋለህ፣ በሌላ ጨርቅ ትጠቀልለዋለህ፣ እስከ አንደኛው ካልሲ ጫፍ ድረስ ትከተዋለህ፣ አፉን ታጠነጥንና ካልሲውን ገልብጠህ መልሰህ ታለብሰዋለህ። እያጠነጠንክ እየገለበጥክ ካልሲው እስኪያልቅ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ካልሲ ከላይ ታለብሰዋለህ። አፉን እናቴና እኔ በጠንካራ ክር ሰፋነው። እኛ ልጆች ሳለን ውስጡን በፌስታል እንሞላው ስለነበር እግር ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ የጨርቁ ግን ለስላሳና ዝም ያለ ነው። እያንዳንዱ ኳስ ከአዋቂ ሰው ጭብጥ ይበልጣል፤ የሶፍቱ ቱቦ አፍ ላይ ስናስቀምጠው እንደ ክዳን ተቀምጦ ቀረ። አስቀድሜ ባለቀለም ጠመኔም ልጨምር አስቤ ነበር፤ ቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ስላየሁት ተውኩት።

ከዚህ በፊት በልደት ቀን ልጆች እንዲህ ሲረጋጉ አላየሁም። አንዱ ልጅ የእሱ ኳስ ስለጠመመበት ሊያለቅስ ሲል እናቴ ፈትታ አብራው ደግማ ሠራችለት። አንዲት ልጅ «እማማ፣ ይሄ ኳስ የት ይሸጣል?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም «አይሸጥም የኔ ልጅ፣ ይሠራል እንጂ» አለቻት።

ሲወጡ ለእያንዳንዳቸው በአቡጀዲው ከረጢት ውስጥ የሠሩትን ኳስና ሁለት ሙልሙል ዳቦ ከተትንላቸው፤ ዳቦው ቅቤም ወተትም የሌለበት ነው። «አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ ቤት ላለው» እያለች ያስረከበቻቸው ልጄ ናት። ወንድምና እህት የሌለው ልጅ፣ «የእኔስ ለማን ነው?» ሲላት ትንሽ አሰበችና «ለጥበቃው» አለችው።

ኳስ የመረጥኩበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ፊሽካ አንድ ልጅ ይነፋዋል፣ ቀለበት አንድ ልጅ ያደርገዋል። ኳስ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ለመጣው ልጅ የተሰጠ ሆኖ ያልመጣውን ልጅ ጨዋታ ውስጥ ያስገባዋል። ባትሪ የለው፣ አይጮህ፣ መስታወት አይሰብር። የሚድህ ልጅ ቢነክሰው እንኳ ምራቅ ብቻ ነው የሚነካው፤ ስፌቱ እንዳልላላ ግን አልፎ አልፎ ማየት ያስፈልጋል።

ልደት ልታዘጋጁ ያሰባችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ የተጋባዦቹን ዝርዝር ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቤት የቀረውን ልጅ ዕድሜም ጻፉ። ያለቀውን የሶፍት ቱቦ ደግሞ አትጣሉት፤ ገበያ ስትወጡ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።